ሽማግሌ ተብለን ሦስት ወር አባከንን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ ነው የምኖረው። ከቡና መጋዘን ሥራ ጡረታ ወጥቻለሁ። በሰፈሩ የባልና ሚስት ጠብ፣ የአጥር ክርክር፣ የዕቁብ ዕዳ ሲነሳ ይጠሩኛል። ባለፈው ዓመት የተጠራሁበት ጉዳይ ግን እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

የጎረቤቴ ልጅ አንድ ዳቦ ቤት ስድስት ዓመት ጋግሯል፤ ያውም በሌሊት ፈረቃ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ትርፍ ሰዓት ይታሰብልኝ አለ። በማግስቱ "ከእንግዲህ እንዳትመጣ" ተባለ። ደብዳቤ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ፍርድ ቤት ልሂድ ሲል "ቆይ ልጄ፣ ነገር አታክርር፣ እኛ እንጨርሰዋለን" ያልነው እኛው ነን።

ባለቤቱ አንዴ አዲስ አበባ ሄዷል ተባለ። አንዴ ለቅሶ ደረሰበት። ስናገኘው ቡና አስፈልቶ "እናንተንማ አላሳፍርም፣ ይመለሳል" ይለናል። አምነነው እንወጣለን። እንዲህ ስንል ገና ደረሰ። በመጨረሻ ልጁ ሲከስ የአሠሪው ጠበቃ ያነሳው ይርጋን፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ማለፉን ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 "ወደ ሥራዬ ልመለስ" ለሚል ክስ ያለው ጊዜ ከተባረሩበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ብቻ ነው። ለደመወዝና ለትርፍ ሰዓት 6 ወር ነው። የሽማግሌ ቀጠሮ ይህን ቆጠራ አያቋርጠውም። የሚያቋርጠው ክስ ማቅረብ ወይም ለሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ነው፤ ወይም አሠሪው የሠራተኛው ጥያቄ ትክክል መሆኑን በግልጽ ሲያምን። ያ ሁሉ "ይመለሳል" ተጽፎ ተፈርሞበት ቢሆን ልጁ ይዞት የሚቀርበው ነገር ይኖረው ነበር። አንዳችንም ወረቀት አላሰብንም። የመጨረሻዎቹ ወራት የትርፍ ሰዓት ክርክር አሁንም አለ። ሥራው ግን ቀረ።

ሽምግልና ይቅር አልልም። አሠሪና ሠራተኛ በአንድ ዕድር በሚገናኙበት ከተማ ፍርድ ብቻውን ቂም አያበርድም። ሽማግሌዎች ሆይ፣ እባካችሁ መጀመሪያ የተባረረበትን ቀን ጠይቁ። አሠሪው የሚለውን ጽፋችሁ አስፈርሙት። ሁለት ሳምንት ካለፈ "ክስህን አስገባ" በሉት። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ክስ ከተከፈተም በኋላ መታረቅ ይቻላል፤ ስምምነቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይመዘገባል።

ባለፈው ሳምንት ከጋራዥ የተባረረ ልጅ ቤቴ መጣ። ቀኑን ጠየቅሁት። "ሁለት ወር ከሃያ ቀን ሆነኝ" አለ። ሽማግሌ ሳልሰበስብ፣ ባጃጅ ይዘን በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄድን።

አክባሪያችሁ
ከጅማ