ከንፈር መጣጭ ይቅርብሽ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

በቴሌግራም የላክሽውን አየሁት። በስልክ ብናወራው እናትሽ ስልኩን ትቀማኝና ለቅሶ ይሆናል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ከአያት እስከ ሰንዳፋ ዊልቸርሽን ገፍተሽ ልትመጪ ነው። ሰው በየኪሎ ሜትሩ ቃል የገባውን ይከፍላል፣ ብሩም ዊልቸር ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ይሆናል። አትምጪ አልልሽም። ብልሽስ መቼ ትሰሚኛለሽ? ግን ይሄን መስመር በጭነት መኪና ስመላለስበት የኖርኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

መንገዱ ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በታክሲ ለሚያልፍ ሰው ሜዳ ይመስላል፣ ጭነት ይዞ የነዳው ግን ማርሽ ሲቀንስ ዳገቱን ያውቀዋል። ሰንዳፋ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። ወደ እኛ ስትመጪ እየወጣሽ ነው ማለት ነው። ከለገጣፎ ከወጣሽ በኋላ ደግሞ አገሩ ገላጣ ነው፣ ነፋስ የሚከልል ነገር የለም። ስለዚህ ነፋሱ ሳይበረታ በጠዋት ተነሺ፣ ውርጩን ጃኬት ይችለዋል።

ሌላው የአስፋልቱ ነገር ነው። ውሃ እንዲወርድበት ተብሎ መሐሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። መኪና ላይ ብዙም አይታወቅም። ዊልቸሩ ግን ወደ ቦዩ ይስብሻል፣ ቀጥ አድርገሽ ለመያዝ አንዱ ክንድሽ ከሌላው በላይ ይለፋል። በዚያ ትከሻ ነው ነገ ከአልጋ የምትነሺው፣ በዚያው ነው ታክሲ ውስጥ የምትገቢው። ስለዚህ ትከሻሽ ካመመሽ አቁሚ፣ የተገፋው ኪሎ ሜትር ይበቃል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬንሽ መዳፍሽ ነው፣ ያለ ቆዳ ጓንት እንዳትሞክሪው። በየመሐሉ ቆም እያልሽ በክንድሽ ከመቀመጫሽ ብድግ በይ። ከመቀመጥ ብዛት ቁስል ከወጣ ለወራት እንደሚያስተኛ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። መንገድ ላይ የሚያስገባሽ ሽንት ቤት የለም ብለሽም ውሃ እንዳትተዪ። የት የት እንደምታርፊ ቀድመን እንይ።

ያ የነገርሽኝ ካናዳዊ፣ ሪክ ሃንሰን፣ 34 አገር አቋርጦ ከ40,000 ኪሎ ሜትር በላይ የገፋው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። አንቺ በአንድ ጠዋት ካልጨረስኩ ብለሽ አትጣደፊ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጓደኞችሽ ያዘጋጁትን ፖስተር አልወደድኩትም። አንገትሽን ደፍተሽ የተነሳሽውን ፎቶ አድርገው፣ ከሥሩ «እንርዳት» ይላል። ማንን ነው የሚረዱት? ብሩ ላንቺ አይደለም። ሠርተሽ የምትበዪ ልጅ ነሽ። እንዲህ ያለ ፖስተር የሚያየው ሰው ከንፈሩን መጦ፣ አሥር ብር ጥሎ ይሄዳል። ስትስቂ የተነሳሽውን አድርጉበት። የሚሰጠው ሰው ለምን እንደሚሰጥ ይወቅ።

አበበ ቢቂላም ላይ የሚደረገው ይሄው ነው። ሰው ሮምና ቶኪዮን ያነሳና፣ በ1961 ዓ.ም. የደረሰበት የመኪና አደጋ ላይ ሲደርስ «አይ፣ ምስኪን!» ብሎ ታሪኩን ይዘጋዋል። እሱ ግን አልዘጋውም ነበር። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ፣ እዚያው በሚካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ከዚያ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ሸርተቴ አሸነፈ። የእኛው የሰሜን ሸዋ ሰው፣ በበረዶ! ይሄንን ነው ለልጆቹ የምትነግሪያቸው።

ብሩን በተመለከተ፣ ሁሉንም አዲስ ዊልቸር አትግዙበት። በየጓሮው ስንቱ ዊልቸር ዝጎ ቆሟል! ኩሽኔታው አልቆ፣ የፊቷ ትንሽ ጎማ ኮብልስቶን ውስጥ ገብታ ተሰብራ። ደግሞ ልጅ ያድጋል፣ ወንበሩ አያድግም። ለአዋቂ በተሠራ ወንበር የተቀመጠ ሕፃንም አይተሻል፣ ጎኑ እየተጣመመ ነው የሚያድገው። እና ለጥገናና ለልክ የሚሆን ብር ለብቻው ይቀመጥ። በያጁም ጎሚስታውም ሰፈር ውስጥ ሞልቷል፣ የሚከፍላቸው ነው የጠፋው። በስምሽ በተከፈተ ቴሌብር ግን አትሰብስቢ። የሰው ገንዘብ እሳት ነው። የእድራችንን ሰዎች አናግሬያለሁ፣ ሁለት ሰው ካልፈረመ የማይወጣበት ሒሳብ ይከፈታል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር! ዝግጅቱን ታደርጉበታላችሁ የተባለው አዳራሽ በሩ ላይ ደረጃ አለው። ባለቤቱን ስጠይቀው «ተሸክመን እናስገባታለን» አለኝ። እኔም የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ይሁን እንደሚል ነገርኩት። በሳቅ አለፈው። ስለዚህ አዳራሹን ትቼዋለሁ፣ ድንኳን እንጥላለን። ድንኳን ደረጃ የለውም።

ትራፊኮቹን ፈቃድ እኔ እጠይቃለሁ። የጎረቤቴን ፒክአፕ ይዤ መብራት እያበራሁ ከኋላሽ እከተላለሁ። «አባዬ አታሳፍረኝ» እንዳትዪኝ፣ ሲኖትራክ የሚፈራው ከኋላ ያለውን መኪና ነው እንጂ አንቺን አይደለም። እናትሽን ለመንገር የአንቺ ተራ ነው፣ እኔ አልችልም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የፊት ጎማዎቹን ፈትተሽ ጠብቂኝ፣ ኩሽኔታና ቡሎን ይዤ ነው የምመጣው።

አባትሽ
ሰንዳፋ