ደብዳቤ ለልጄ፦ ፉል ሀውስ ይዞ ካርታ ስለ መጣል

ደብረ ማርቆስ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትህ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው እየጠበቀች ነው።

ስለ ፖከሩ፣ ስለ ካርታ ቁማሩ፣ የጻፍህልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። ሁለት ሰባት ይዘሃል። ጠረጴዛው ላይ ኩዊን፣ ኩዊን፣ ሰባት፣ ከዚያ አራት፣ በመጨረሻም ኪንግ ወጣ። አንተ 200 ብር ስታስይዝ የቡሬው ልጅ ያለውን 800 ብር ሁሉ ወደ መሐል ገፋው። ሦስት ሰባትና ሁለት ኩዊን ሆነልህ፤ ሦስት አንድ ዓይነትና አንድ ጥንድ ሲገናኝ ፉል ሀውስ ይባላል። «አባዬ፣ ፉል ሀውስ ይጣላል?» ብለሃል፤ ካርታውን ትቶ ከዙሩ መውጣት ይገባል ወይ ማለትህ ነው። አዎ፣ ይጣላል። ግን ቆጥረህ ስትደርስበት ብቻ ነው፤ በፍርሃት የተጣለ ፉል ሀውስ የተሰጠ ገንዘብ ነው።

መጀመሪያ የካርታው ስም እንዳያታልልህ። ከ52 ካርታ አምስት ብናወጣ 2,598,960 ዓይነት ስብስብ ይገኛል። ፍላሽ፣ አምስቱም አንድ ምልክት፣ የሚሆነው 5,108፣ ፉል ሀውስ 3,744፣ አራት አንድ ዓይነት ደግሞ 624 ነው። ስለዚህ ፉል ሀውስ ከ694 አንዴ የሚመጣ ብርቅ ነገር ይመስላል። እናንተ በምትጫወቱት ዓይነት፣ በቴክሳስ ሆልደም ግን፣ በእጅህ ካሉት ሁለትና ከጠረጴዛው አምስት፣ ከሰባት ካርታ አምስት ስለምትመርጥ ዕድሉ ወደ 2.6 በመቶ ያድጋል፤ አምስቱ የጠረጴዛ ካርታዎች ደግሞ የሁላችሁም ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ጥንድ ከሌለ ማንም ፉል ሀውስ መሥራት አይችልም። ጥንድ ከተቀመጠ ግን ላንተ የተከፈተው በር ለሌላውም ተከፍቷል። ያንተ ፉል ሀውስ ደግሞ ሦስቱ ትንሽ፣ ጥንዱ ትልቅ ነው። ሁለት ፉል ሀውስ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚመዘነው ሦስቱ ስለሆነ፣ ኩዊን ይዞ ሌላውን ካርታውን ከጠረጴዛው ያጋጠመ ሁሉ ይበልጥሃል።

ወረቀት አውጣና የሚበልጡህን እንቁጠር። ያልታዩት ኩዊኖች ሁለት፣ ኪንጎች ሦስት፣ አራቶች ሦስት ናቸው፤ ሰባት አንድ ብቻ ቀርቷል። ኪንግና ኩዊን ሁለት በሦስት፣ በስድስት መንገድ ይያዛል። ሁለት ኪንግ በሦስት መንገድ፣ ሁለት ኩዊን በአንድ። ኩዊንና ሰባት ሁለት፣ ኩዊንና አራት ስድስት መንገድ አላቸው፤ ነገር ግን ልጁ ካርታ መራጭ ነው ስላልህ እነዚህን ገና ሲሰጡት ይጥላቸዋል ብለን እንሰርዛቸው። የሚበልጡህ ዐሥር ሆኑ። አንተ የምትበልጣቸው፣ ግን እሱን ሊያስደፍሩት የሚችሉት ደግሞ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሁለት አራት ነው፤ ሦስት መንገድ አለው። ሌላው አስና ኩዊን ነው፤ ሁለት በአራት፣ ስምንት መንገድ።

አሁን ዋጋውን እይ። ከመጨረሻው ውርርድ በፊት መሐል 300 ብር ነበር። ያንተ 200 እና የሱ 800 ሲጨመር 1,300 ሆነ፤ ለማየት 600 ትከፍላለህ። ያንተ 600 ሲገባ መሐሉ 1,900 ይሆናል፤ 600ን ለ1,900 ስታካፍል 32 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ ካላሸነፍህ ክፍያው ኪሳራ ነው ማለት ነው።

ልጁ ይህን የሚያደርገው በዐሥሩና በሁለት አራት ብቻ ከሆነ፣ ከ13ቱ የምታሸንፈው 3 ነው፤ 23 በመቶ። ጣል። በአስና ኩዊንም ሁልጊዜ የሚያደርገው ከሆነ ከ21ዱ 11ዱን ታሸንፋለህ፤ 52 በመቶ። ክፈል። እንግዲህ ጥያቄው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ጠበበ፦ ይህ ልጅ በአስና ኩዊን ያለውን ሁሉ ይገፋል ወይ? ስሌቱን ወደ ኋላ ብትሠራው ደግሞ ከስምንቱ መንገዶች 1.6ቱ ብቻ ይበቁሃል። አስና ኩዊን ይዞ ከአምስት ጊዜ አንዴ እንኳ የሚደፍር ሰው ከሆነ መክፈሉ አያከስርህም። ፉል ሀውስ መጣል እጅግ ብርቅ መሆን ያለበት ለዚህ ነው፤ ትንሽ ድፍረት ያለው ሰው ፊት አትጥለውም።

ይደፍር እንደሆነ ደግሞ ፊቱን በማየት አታውቅም፤ የሠራውን ከመጀመሪያው ጀምረህ ተከተል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩዊን ሲታይ ጨምሯል ወይስ ዝም ብሎ ከፍሏል? አራቱ ሲወጣስ? ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብሎ ከፍሎ ኪንግ ሲወጣ ድንገት ከተነሣ፣ የረዳው ኪንጉ ነው። አስና ኩዊን ለያዘ ሰው ኪንግ ምንም አልጨመረለትም፤ ጠንቃቃ ከሆነ «ብጨምር ከኔ ያነሰ ማን ይከፍለኛል?» ብሎ መክፈል ብቻ ይመርጣል። በተቃራኒው ገና ሦስቱ ካርታ ሲወጣ ጀምሮ የሚጨምር ከነበረ፣ አስና ኩዊን ከነሙሉ ስምንት መንገዱ ይቆጠራል።

ውሳኔው የሚጀምረው ደግሞ እሱ 800ውን ሳይገፋ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ማርሹን የሚቀንሰው ገና ከላይ ነው፤ ፍሬኑ ከሸተተ በኋላ ብዙ ምርጫ የለውም። አንተም 200ውን ሳታስይዝ «ቢጨምርብኝ ምን አደርጋለሁ?» ብለህ መልሱን ይዘህ ግባ። ያስያዝኸው 200 ከእጅህ ከወጣ በኋላ ያንተ አይደለም። «ይህን ያህል ከፍዬ እንዴት እጥላለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው የሚከስርበት ነው።

ዋጋው ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል። ልጁ 800 ሳይሆን 400 ብቻ አድርሶ ቢሆን ኖሮ፣ መሐል 900 ላይ 200 ትጨምራለህ፤ የሚያስፈልግህ 18 በመቶ ነው። በ23 በመቶው ዕድል ያው ካርታ ይከፈላል። በትንሽ ጭማሪ ፊት ፉል ሀውስ የሚጥል ሰው ስሌቱን አልሠራም።

ጨርሶ ስለ መጣል የማታስብበት ጊዜም አለ። ጥንድ ይዘህ ሦስተኛው ሲወጣልህ፣ የቀረህ ገንዘብ መሐል ካለው ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግባበት፤ ሊበልጥህ የሚችለው ካርታ ጥቂት ነው። ከኪንግ የሚጀምር ፍላሽም ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ብዙውን ጊዜ አይጣልም፣ ጠረጴዛው ላይ አራት ካርታ አንድ ዓይነት ምልክት ካልሆነ በቀር። ስትሬት፣ አምስት ተከታታይ ካርታ፣ ግን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ተመሳሳይ ምልክት ወጥቶ ዝምተኛው ሰው ሲጨምር ቶሎ ይረክሳል። ኦማሃ በሚባለው ሌላ የፖከር ዓይነት ደግሞ እያንዳንዱ ሰው አራት ካርታ ስላለው ሁለት ሁለቱን በስድስት መንገድ ማጣመር ይችላል ማለት ነው፤ እዚያ ትንሹ ፉል ሀውስ ብዙ ጊዜ ተሸናፊ ነው። በውድድር ላይ ደግሞ ሽልማቱ ጋ ለመድረስ አንድ ሁለት ሰው መውጣት ብቻ ሲቀር 32 በመቶው አይበቃም፤ ከዚያ የበለጠ ትርፍ ጠብቅ፤ ከወጣህ መመለሻ የለህምና።

ከልክ በላይ መጣልም ይጎዳል። መሐል ያለውን ያህል ገንዘብ አስይዞ የሚያስፈራራህ ሰው፣ አንተ ከሁለት ጊዜ አንድ ጊዜ በላይ ከጣልህለት በባዶ እጁ ይበላሃል። ስለዚህ ትልቅ ካርታ ስትጥል ገልብጠህ አታሳይ፤ «ፉል ሀውስ እንኳ ይጥላል» የሚል ዜና ለማንም አትስጥ። ከተጣሉት ጋር የተቀላቀለ ካርታም አይመለስምና የመጨረሻውን ቁጥር ሳታረጋግጥ እጅህን አታንሣ። ባለፈው ዙር ስለ ተሸነፍህ ተናደህ ከሆነ ደግሞ ያን ምሽት ተነሥና ሂድ፤ የተናደደ ሰው መንገዶቹን አይቆጥርም።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። 1,900 ብር ለተማሪ ትልቅ ገንዘብ ነው። የቤት ኪራይህና የምግብህ ብር ከዚያ ጠረጴዛ አጠገብ እንዳይደርስ። ልምምዱን በሽምብራ አድርገው፤ አንዷን ፍሬ እንደ ዐሥር ብር ቁጠራት። ሁለት ሰባትህንና ያንን ጠረጴዛ ዘርጋ፣ ከቀሩት 45 ካርታዎች የሚበልጡህን ሁለት ሁለት ካርታዎች አንድ በአንድ አውጥተህ ደርድር። ከዚያ ኪንጉን በሁለት ለውጠህ እንደገና ቁጠር፤ ኪንግና ኩዊንም ሁለት ኪንግም አይበልጡህም፤ አስፈሪው ካርታ ምን ያህል እንደሚያንስ በዓይንህ ታየዋለህ።

ስለ ራሱ ስለ ምሽቱ ግን ገና ቁርጥ መልስ አልሰጥህም፣ ሁለት ነገር አልጻፍህልኝምና። ካርታ ሲታደል መጀመሪያ ላይ ጨምሮ የገባው አንተ ነህ ወይስ እሱ? ከዚህ በፊትስ መጨረሻው ካርታ ላይ ሲጨምር ምን ይዞ አየኸው? እነዚህን ጻፍልኝ።

አባትህ