ስለ ልጆቻችንና ስለ ስልክ፦ ደንብ ከማውጣታችን በፊት

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ደብረ ብርሃን

እንደምን ከረማችሁ?

በወላጅ ስብሰባ ላይ ሁሌ የሚነሳ ጉዳይ ቢኖር ስልክ ነው። «ልጄ ቲክቶክ ላይ ተጥዶ ያመሻል፤ ደብተር የሚባል አያነሳም» ትሉናላችሁ። መምህራኑም የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔንም ያሳስበኛል። ግን ልጆቹ ምን እንደሚያዩ፣ ከማን ጋር እንደሚያዩና ካዩ በኋላ ምን እንደሚሰማቸው በደንብ የምናውቅ አይመስለኝም። ስለዚህ ደንብ ከማውጣታችን በፊት እነሱኑ ልንጠይቅ ነው።

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይይዛሉ። ያዩትንና የሰሙትን፣ በማን ስልክ እንደሆነም ይጽፋሉ። ቴሌቪዥንና ሬዲዮም ይካተታል። ስም አይጻፍበትም። ከዚያ በትንንሽ ቡድን ሆነው ከመምህራን ጋር ይወያያሉ።

«ስልክ አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን እኛ ጋ አያዋጣም። በእረፍት ሰዓት ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ብቅ ብትሉ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ አንድ ስልክ ላይ አምስት ስድስት ልጅ አንገቱን አስግጎ ታያላችሁ። ኢንተርኔት የሌለው ልጅ ደግሞ ሚሞሪ ካርዱን ሱቅ ወስዶ ፊልም ያስጭናል። ከባሶና ወራና ገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን አስቡ። ስንቅ ሲያልቅ ወደ ቤት የሚደውሉት በዚያው ስልክ ነው። የሒሳብ ወርክሺት ከቴሌግራም የሚያወርዱትም በዚያው፤ ማታ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያፈጡትም በዚያው። ስልኩን ከመንጠቃችን በፊት አብሮ ምን እንደሚሄድ ማወቅ አለብን።

በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው «ኢዩ ኪድስ ኦንላይን» የተባለ ጥናት፣ በ2010 በ25 አገሮች ከ25 ሺህ በላይ ልጆችን አነጋግሯል። ጥናቱ እንዳሳየው፣ ኢንተርኔት ብዙ የሚጠቀም ልጅ ብዙ ይማራል፤ ለአደጋም ይበልጥ ይጋለጣል። ሆኖም አደጋ ያጋጠመው ሁሉ ይጎዳል ማለት አይደለም። በእኛም አገር ዩኒሴፍ፣ ዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖልና ልጆችን ከወሲባዊ ብዝበዛ ለመከላከል የሚሠራው ኤክፓት በጋራ በኢንተርኔት ስለሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን ጠይቀዋል። ይህ የጋራ ጥናት በተካሄደባቸው አገሮች ጎልቶ የታየው፣ ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ለማንም አለመናገራቸው ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

እባካችሁ፣ ማስታወሻውን ከፍታችሁ አትመልከቱባቸው። «አንተ ይህን ነው የምታየው!» ብላችሁ አትቆጧቸው። የፈራ ልጅ «ዜና አየሁ» ብሎ ጽፎልን ይገላገላል፤ ቢቸገርም ወደ እኛ አይመጣም። በውይይቱ ላይ ጉዳት የደረሰበት ልጅ ካጋጠመን ግን ዝም አንልም። መጀመሪያ ከልጁ ጋር ተነጋግረን፣ ለእናንተም አሳውቀን እንረዳዋለን። ይህን ለልጆቹም አስቀድመን እንነግራቸዋለን።

ከዚህ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ወረቀት ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ላኩልን። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ የክፍል ኃላፊው መምህር ያነብላችኋል። በገጠር ያላችሁ ለገበያ ስትመጡ ጎራ በሉ። እናንተ ፈቅዳችሁም ልጁ አልፈልግም ካለ አይገደድም፤ ማርክም አይቀነስበትም። ውጤቱን የማንንም ልጅ ሳንለይ በሚቀጥለው የወላጅ ስብሰባ እናቀርባለን። የስልኩንም ደንብ ያኔ ከእናንተና ከተማሪ ተወካዮች ጋር እንወስናለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር