ደብዳቤ ለልጄ፦ ተውኔቱን ከመምረጥሽ በፊት አዳራሹን ለኪ

ደብረ ብርሃን
ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ እንደምታውቂው ነው፤ እናትሽ ከምድጃው አልራቀችም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለው የቴአትር ቡድናችሁ በጥር ለሕዝብ ሊያሳይ እንዳሰበ፣ ሦስት ተውኔት ለምርጫ እንደቀረበና ለሁለት ተከፍላችሁ እንደምትከራከሩ ጽፈሻል። አንዱ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»፣ አንዱ የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»፣ ሦስተኛው ከእናንተው መካከል አንዱ ልጅ የጻፈው። የትኛው ተውኔት ይበልጣል የሚለውን ክርክር ለጊዜው ተዉት። የትኛውን ትችሉታላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፤ እሱ በክርክር አይታወቅም፣ ተቆጥሮና ተለክቶ ነው።

ከቀኑ እንነሳ። ጥምቀት ሰኞ ጥር 11 ይውላል፣ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይያዛል። ጾም ከገባ ዘፈንና እስክስታ ያለበት ነገር መድረክ ላይ ማውጣት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የሚመቻችሁ ክፍተት ከጥምቀት እስከ ነነዌ ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው። እሑድ ጥር 17ን ያዙ። ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ ምሳውን በልቶ ይመጣል። 8 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ ከ9 ሰዓት ተኩል በፊት ጨርሱ። በጥር ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ በመንዝ ብርድ ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ባና የለበሰም አይቀመጥም፤ ከገጠር የመጣውም ሳይመሽ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ሕዝቡ ገብቶ እስኪረጋጋ አሥር ደቂቃ ይሄዳል። የቀረው 80 ደቂቃ ነው፤ የምትመርጡት ተውኔት ከዚያ መብለጥ የለበትም።

ርዝመቱን በገጽ ብዛት አትገምቺ፤ አንዱ ጽሑፍ ጥቅጥቅ ብሎ ይተየባል፣ ሌላው ክፍት ክፍት ብሎ። ተቀምጣችሁ ድምፅ እያወጣችሁ አንብቡና በሞባይል ሰዓት ያዙ። በወጣው ደቂቃ ላይ ሩቡን ጨምሪበት፤ መግባት መውጣቱ፣ ዝምታው፣ ሳቁ የሚወስደው ነው። 64 ደቂቃ የተነበበ ተውኔት መድረክ ላይ 80 ይሆናል። ከ64 ካለፈ ያው ማሳጠር ሊመጣ ነው፤ ማሳጠር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ለጀማሪ ቡድን አንድ የመድረክ ደቂቃ አንድ ሰዓት ጥናት ይበላል። 80 ደቂቃ 80 ሰዓት ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ብታጠኑ ስድስት ሰዓት፤ 13 ሳምንት አልፎ ወደ 14 ይጠጋል። ኅዳር ላይ ልጆቹ ለአጨዳ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ሁለት ሳምንት ይጠፋባችኋል። ከጥር 17 ወደ ኋላ 16 ሳምንት ቁጠሪ፤ መስከረም 25 ላይ ትደርሺያለሽ። ስለዚህ ምርጫው እስከ መስከረም 15 ካላለቀ ከመስቀል በኋላ ተወዛግባችሁ ጥር ላይ ግማሹን በቃል ያላወቀ ተዋናይ ታወጣላችሁ።

አሁን ወደ ንባቡ። አምስት ሰው ይብቃ፤ 11 ሰው የሚመርጠው ተውኔት የማንም አይሆንም። አምስቱ መጀመሪያ ለየብቻቸው፣ እስክሪብቶ ሳይዙ፣ በአንድ ቁጭታ ይጨርሱት። ተመልካች የሚያየው በአንድ ቁጭታ ስለሆነ አንባቢም እንደዚያው መሆን አለበት። ከዚያ ጮክ ተብሎ ይነበብ። እዚህ ላይ ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ዋናውን ሚና ለሚመኘው ልጅ ሰጥቶ ማስነበብ ነው። እሱ እየተወነ ያነበዋል፣ ጆሮ ይታለላል፣ ደካማው ጽሑፍ በልጁ ድምፅ ያምርና ይመረጣል። ለማይፈልገው ሰው ስጡትና በደረቁ ያንብበው። ሁለት ሰው ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያዳምጡ። ማን እየተናገረ እንደሆነ የጠፋባቸውን፣ የሳቁበትን፣ ስልካቸውን የነካኩበትን ቦታ በገጽ ቁጥር ይመዝግቡ። ንባቡ በተጀመረ በአሥረኛው ደቂቃ አቁሙና «ማነው ምን የፈለገው? ማነው የከለከለው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መመለስ ካልቻሉ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሕዝብም አይችልም።

ሠንጠረዡን ሳትሠሩ ደግሞ ድምፅ እንዳትሰጡ። ባለ መስመር ደብተር ላይ ገጸ ባሕርያቱን ከላይ ወደ ታች፣ ትዕይንቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ጻፊ። ገጸ ባሕርይው ባለበት ትዕይንት ሥር አንድ ነጥብ። ሲያልቅ ወረቀቱን ትንሽ አራቅ አድርገሽ እዪው። ነጥባቸው የትም የማይገናኝ ሁለት ሰዎች ካሉ አንድ ተዋናይ ሁለቱን መያዝ ይችላል፤ ግን በመካከላቸው ቢያንስ የሁለት ደቂቃ ንግግር መኖር አለበት። በርኖስ አውልቆ ኮት መልበስ ቀላል ነው። ጫማ፣ ጢምና ጥምጥም ከተጨመረበት ግን ሁለት ደቂቃም ያጥራል፤ ልጁ ጢሙን በእጁ ይዞ ይወጣል። በመጀመሪያው ትዕይንት አንድ ነጥብ፣ በመጨረሻው አንድ ነጥብ ያለው ገጸ ባሕርይ ሌላው ችግር ነው። እሱን የሚሠራው ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል፣ ይሰለቻል፣ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፣ ተራው ሲደርስ አይገኝም።

ሰባት ወንድና አራት ሴት ናችሁ። ከሦስት በላይ ሴት የሚፈልግ ተውኔት አትያዙ፤ ከስድስት በላይ ወንድም አትያዙ። ወላጅ ልጁን ከመሸ በኋላ ለጥናት አይለቅም፤ ልክም ነው። በዚያ ላይ ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ከአራቱ አንዷ ሙሽራ ትሁን ሚዜ አይታወቅም። የተረፉት ሁለት ልጆች ቁሳቁስና መብራት ይይዛሉ፣ የዋናዎቹንም ቃለ ተውኔት ያጠናሉ።

መድረኩን ሄደሽ ለኪ፤ ወርዱን፣ ጥልቀቱን፣ ቁመቱን። 6 በ4 ሜትር ነው እንበል፤ 24 ካሬ ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ከነመተላለፊያቸው 8 ካሬ ይወስዳሉ። ለአንድ ሰው ሁለት ካሬ ብትይዢ 16ቱ ካሬ ስምንት ሰው ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲወጡ ተደርድረው የሚዘምሩ ይመስላሉ። አሥር ሰው አንድ ላይ የሚወጣበት የሠርግ ወይም የችሎት ትዕይንት ካለ ተውኔቱን ዝለሉት። ከመድረኩ ጀርባ ሳይታዩ ከግራ ወደ ቀኝ ማለፍ ይቻል እንደሆነም አረጋግጪ። ካልተቻለ በግራ የወጣ ተዋናይ በቀኝ ሊገባ አይችልም፤ ያንን የሚጠይቅ ተውኔት ስንት እንደሆነ ስታይ ትገረሚያለሽ።

ቦታው ስንቴ እንደሚቀያየርም ቁጠሪ። አንድ የጀርባ መጋረጃ ለ6 ሜትር ወርድ፣ ለ3 ሜትር ቁመት ወርዱ ሜትር ተኩል የሆነ አቡጀዲ 12 ሜትር ይፈጃል፤ እጥፋት እንዲኖረው ከሆነ 16 ሜትር። ሳሎን፣ ጠላ ቤትና ፍርድ ቤት ያለው ተውኔት ሦስቴ 16 ሜትር ነው፣ ቀለሙና አጠናው ሳይቆጠር። አንድ ግቢ ውስጥ የሚያልቅ ተውኔት ቢገኝ ይመረጣል። «መብራት ይጠፋል፣ ይበራል» እያለ ትዕይንት የሚቀይርም አያዋጣችሁም። መብራቱ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ ሕዝቡ አለቀ ብሎ ያጨበጭባል። መስኮት ተከፍቶ በቀን ብርሃን ሊታይ የሚችል፣ ትዕይንቱን በክራር ወይም በርጩማ ተሸክሞ በሚያልፍ ሰው መቀየር የሚቻልበት ፈልጉ። (ሐምሌና ነሐሴን ስላላሰባችሁ ደስ ብሎኛል። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማ ተዋናይ የለም፤ ማይክ ጨብጦ መተወን ደግሞ እጅ ማሰር ነው።)

እንግዲህ ሦስቱን በዚህ ወንፊት እንያቸው።

የጸጋዬን የፈለጋችሁበት ምክንያት ይገባኛል። አቡነ ጴጥሮስ የፍቼ ሰው ናቸው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሽስት ጥይት ነው የተገደሉት፤ ሰላሌም መንዝም የሚኮራባቸው ናቸው። ግን ክብደቱ አንድ ተዋናይ ላይ ያርፋል። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ልጁ ከረጅሙ መነባንብ 20 ስንኝ በቃሉ ይያዝና አዳራሹ መጨረሻ ላለ ሰው ቆሞ ይበለው። የጸጋዬ ሐረግ ትንፋሽ ይፈልጋል። ልምድ የሌለው ልጅ መሐሉ ላይ ይተነፍሳል፣ ሐሳቡ ይሰበራል፤ ያንን ለመሸፈን ይጮኻል፣ በ15ኛው ደቂቃ ድምፁ ይዘጋል። እሱ ጉንፋን ከያዘው ደግሞ የሚተካው የለም። የጣልያን ወታደር ልብስና ጠመንጃም ያስፈልጋል። ተኩስ በድምፅ ማጉያ የማሰማት ሐሳብ ካለ ከአሁኑ ጣሉት። ባለፉት ዓመታት እውነተኛውን የሰማ ሕዝብ ነው አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው፤ በአንድ በር ሁሉም ሊወጣ ይጋፋል። በከበሮ ምት ይተካል። ለከርሞ አቆዩት ነው የምለው።

«ጠልፎ በኪሴ» በጠለፋ ጋብቻ ላይ የሚሳለቅ ኮሜዲ ነው። ጨዋታው ሕይወት አለው፣ ሕዝቡም ነገሩን ያውቀዋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሳቁ የት እንደሚወድቅ ነው። ተውኔቱ ሲጻፍ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት የወንጀለኛ መቅጫው ይምረው ነበር፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ያንን አንስቶ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከተመልካቹ መካከል ተጠልፋ የተዳረች ሴት አትጠፋም። ሳቁ በጠላፊው ላይ ከሆነ ትስቃለች፤ በተጠለፈችው ላይ ከሆነ ተነስታ ትወጣለች። ሲነበብ ሁለቱ ጀርባቸውን ያዞሩት አድማጮች በማን እንደሚስቁ መዝግቡ። የገጠር ሰው ሲመጣ የመንዝን አነጋገር አጋንኖ ማሳቅም ይቅር፤ ርካሽ ነው፣ ለእናንተ ሕዝብ ደግሞ ስድብ ነው።

የልጁ ድርሰት ለተዋናዮቹ የተሰፋ ልብስ ስለሆነ ሰው አይጎድልበትም። የጀማሪ ድርሰት ሕመም ግን የታወቀ ነው፦ ሦስት መጨረሻ አለው፣ መጨረሻው ላይ አንድ ሽማግሌ ወጥቶ ይመክራል። ምክሩን አውጡና ታሪኩ ያለ እሱ ይገባ እንደሆነ አንብቡ። ከገባ ተውኔት አላችሁ። ካልገባ ያላችሁ ስብከት ነው።

ስለ ፈቃድ አንድም ሰው አላነሳም ብለሻል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ድረስ ተውኔቱን ለሕዝብ ማሳየት ያለ ፈቃድ ይከለክላል። መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ነው፤ እስከ 2030 ከወራሾቻቸው ጋር ነው ጉዳያችሁ። ጸጋዬ በ1998 ስላረፉ እስከ 2048። የሼክስፒርን እንሥራ የሚል ልጅ ቢነሳ፣ ሼክስፒር ከሞተ 400 ዓመት አልፎታል ማለቱ ልክ ነው፤ የ«ኦቴሎ» የአማርኛ ትርጉም ግን የጸጋዬ ነው፣ ተርጓሚውም መብት አለው። የመግቢያ ዋጋ ባታስከፍሉም ፈቃዱ አይቀርም። መጽሐፉ ላይ ባለው አሳታሚ በኩል ወራሾቹን ፈልጋችሁ ደብዳቤ ጻፉ፦ የት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደምታሳዩ፣ መግቢያው ስንት እንደሆነ፣ ከገቢው ምን ያህል እንደምትከፍሉ፣ ከየት ገጽ እስከ የት ገጽ ማሳጠር እንደምትፈልጉ። ማሳጠር ጣጣ አለው ያልኩሽ ይኸው ነው፤ ያልተፈቀደ ቅነሳ ሥራውን ማጉደል ነው። ድርሰቱን ከጻፈው ልጅ ጋርም ቢሆን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ዛሬ ጓደኛ ነው፣ ተውኔቱ ሲወደድ ደራሲ ይሆናል።

እኔ ብሆን ለ«ጠልፎ በኪሴ» ዛሬውኑ ደብዳቤ እልካለሁ፣ ሠንጠረዡ በሦስት ሴትና በስድስት ወንድ ከተዘጋልኝ። መልሱ እስከ መስከረም 15 ካልመጣ የልጁን ድርሰት ሲሦውን ቆርጬ እይዛለሁ። ስለዚህ እስከዚያ ልጁ ዝም ብሎ እንዳይጠብቅ፣ መቁረጡን ይጀምር።

ሜትር ስለሌለሽ ከነገው አውቶቡስ ጋር አንድ እልክልሻለሁ፤ የሁለት ባናም እሽግ አብሮ አለ፣ ለጥናት ልብስ ይሆናል። የመድረኩን ወርድና ጥልቀት፣ የበሮቹን ቦታ፣ የንባቡን ደቂቃ ጽፈሽ ላኪልኝ። ሜትሩ የጎረቤታችን የአናጢው ነው፤ እንዳይጠፋ።

አባትሽ