ሙሉው ግፊት ለፊተኛው ሳጥን አይደርስም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር ፊዚክስ የማስተምር አንባቢያችሁ ነኝ። ተማሪዎቼ የያዙት አንድ የመለማመጃ ወረቀት፣ ተነካክተው ከተቀመጡ ሁለት ሳጥኖች የኋላው በ80 ኒውተን ሲገፋ የፊተኛውም ያው 80 ኒውተን እንደሚደርሰው ጽፎ ስላገኘሁት፣ ስሕተቱ ሥር ሳይሰድ ላርመው እወዳለሁ።

የኋላው ሳጥን 30 ኪሎ፣ የፊተኛው 10 ኪሎ ይሁን፤ ወለሉም ሰበቃ የለውም እንበል። ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ እንደ አንድ ባለ 40 ኪሎ አካል ቆጥረን 80ን ለ40 ስናካፍል፣ ፍጥነታቸው በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ እንደሚጨምር እናገኛለን። የፊተኛውን ነጥለን ስናየው ወደፊት የሚገፋው የኋላው ሳጥን ብቻ ነው፤ 10 ኪሎውን በዚህ መጠን ለማፍጠን ደግሞ 20 ኒውተን ይበቃል። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ፊተኛውም የኋላውን በዚያው 20 ኒውተን መልሶ ስለሚገፋው፣ ለኋላው የሚተርፈው የተጣራ ኃይል 60 ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ተማሪዎቼን ጣና ዳር ወስጄ በሁለት ሳጥኖች መካከል ስፖንጅ አስገባን። ከከባዱ በኩል ስንገፋ ስፖንጁ በጥቂቱ ጎደጎደ፤ ዞረን ከቀላሉ በኩል በተቀራራቢ ጉልበት ስንገፋ ግን ጭምድድ አለ፤ በስሌቱም 20 የነበረው 60 ይሆናልና። ሳጥኖቹን የገፋንበት የሲሚንቶ ወለል ሰበቃ ይህን ድርሻ አይለውጠውም፤ ሳጥኖቹ እየተንሸራተቱና የታችኛው ገጻቸው ልስላሴ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ።

አዘጋጆቹ ወረቀቱን ዳግም ከማባዛታቸው በፊት መልሱን እንዲያስተካክሉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከባሕር ዳር