ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፦ የምንበላው ላይ የተጻፈውን ማንበብ እንፈልጋለን

ለባለሥልጣኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ከሱቅና ከሱፐርማርኬት በምንገዛው የታሸገ ምግብ ላይ ስለሚሰፍረው ገላጭ ጽሑፍ። ጽሑፉ አለ። ግን ለእኛ የተጻፈ አይመስልም። ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያክላል፤ ቋንቋው ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ፣ አንዳንዴም ዐረብኛ ወይም ቱርክኛ ብቻ ነው፤ የቁጥሩን ትርጉም ደግሞ ያስረዳን የለም።

እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ሐኪሟ «ጨው ይቀንሱ፣ ጣፋጭ ይተዉ» አሏት። እሷም ሰማች። ወጡን አልጫ አደረገችው፣ ሻይዋንም ያለ ስኳር ለመደች። ያልቀነሰችው የማታየውን ነው፤ በብስኩቱ፣ በሾርባ ዱቄቱና በጁስ ካርቶኑ ውስጥ ተደብቆ የሚገባውን። አማርኛ አቀላጥፋ የምታነብ፣ ጋዜጣ ስታገላብጥ የኖረች ሴት አንድ ፓኬት ብስኩት ለመግዛት ልጆቿን መጥራት አለባት። ይሄ ያንገበግበኛል።

ደግሞ እንግሊዝኛ የምንችለውም ብንሆን ነገሩ አይቀልልንም። ለምሳሌ «በ100 ግራም ውስጥ ሶዲየም 800 ሚሊ ግራም» ይላል። ስንቱ ሰው ነው ሶዲየምን በ2.5 አባዝቶ፣ አሃ፣ ይሄ 2 ግራም ጨው ነው የሚል? የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው የሚመክረው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ስለዚህ 100 ግራም የዚያን ምግብ የበላ ሰው የቀኑን ድርሻ ግማሽ ሊጨርስ ምንም አልቀረውም፤ ገና እንጀራና ወጥ አልቀረበም። ስኳሩም እንዲሁ ነው። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብዙ ጊዜ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ 7 ወይም 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሻይ ውስጥ ያን ያህል ስኳር የሚጨምር ሰው ቢገኝ ቤተሰቡ ዝም ብሎ አያየውም።

አንዳንዱ እሽግ ደግሞ ቁጥሩን የሚሰጠው ለ100 ግራም ሳይሆን «በአንድ ጊዜ ለሚበላ መጠን» ነው። መጠኑን የሚወስነው አምራቹ ራሱ ነው። ሁለት ብስኩት ይልና ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ ፓኬቱን የከፈተ ልጅ ግን ሁለት በልቶ አያስቀምጠውም። ሁለት ዕቃ አጠገብ ለአጠገብ ይዞ ማወዳደርም አይቻልም።

ስለ ዘይት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጄሪካኑ ላይ በትልቁ «ኮሌስትሮል የለውም» ይላል። እውነት ነው። ግን ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ውስጥ ስለሆነ የትኛውም የዕፅዋት ዘይት የለውም! ለልብ የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ይሄ ቅባት ነው፣ ለዚህም ነው ብርድ ሲሆን የሚረጋው። የሱፍ ዘይት ግን ከመቶ 11 ገደማ ብቻ ነው ያለው። ሸማቹ ይህንን አያውቅም፤ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለውን አይቶ ለልቤ ይሻለኛል ብሎ ይገዛል። ዋጋው ስለሚቀንስ ፓልሙን የሚመርጥ ሰው አለ፣ እሱን አልወቅስም፣ ኑሮው ይታወቃል። ግን አውቆ ይምረጥ።

የዱቄት ወተትም አለ። ከላሙ ወተት ቅባቱ ወጥቶ በዕፅዋት ዘይት የተተካ ዱቄት ከሙሉ ወተት ጎን ይደረደራል፤ ቆርቆሮው ተመሳሳይ፣ የላሟ ሥዕል ተመሳሳይ። ልዩነቱ ከኋላ ባለች አንዲት መስመር ላይ ነው። ለልጅ የሚገዛ ወላጅ ይህንን በጉልህ ማየት አለበት።

ቀኑስ? እሽጉ ላይ 12/2018 ተጽፎ አየን እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ነሐሴ 2018 ነው፣ በፈረንጆቹ ከሆነ ደግሞ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሁለቱ መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የምትል ምልክት ግን የለችም። 05/06 ሲሆንም የቱ ቀን የቱ ወር እንደሆነ ባለሱቁም አያውቀውም።

የምትሠሩትን ሥራ አልክድም። ጨው አዮዲን እንዲኖረው፣ ዘይትና የስንዴ ዱቄት በቫይታሚንና በማዕድን እንዲበለጽጉ ግዴታ ተደርጓል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቶ የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲወገድም ሁላችንም አይተናል። እንደማይሆን የተወራበት ነገር ሆነ። ገላጭ ጽሑፍ ማስተካከል ከዚያ አይከብድም።

የምጠይቃችሁም ይህንን ነው። የትኛውም የታሸገ ምግብ ሲሸጥ ይዘቱ በአማርኛና በየአካባቢው የሥራ ቋንቋ፣ ዓይን በሚችለው ፊደል ይጻፍ። ከውጭ የገባም ቢሆን ቢያንስ ተለጣፊ ወረቀት ይኑረው። ቁጥሩ ሁልጊዜ ለ100 ግራም ወይም ለ100 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ ሶዲየም ከማለት ደግሞ በቀጥታ ጨው ይባል። ቀኑ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ።

ከሁሉም በላይ ግን ከፊት ለፊት የሚታይ ምልክት እንፈልጋለን። ቺሊ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ሳቹሬትድ ቅባት የበዛበት ምግብ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ጥቁር ምልክት ታስለጥፋለች። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀይ ክብ ምልክት ያያሉ፤ ውስጡ የማንኪያ ወይም የጨው ዕቃ ሥዕል አለበት። ይሄ ሥዕሉ ነው ልቤን የወሰደው። እኛ አገር ፊደል ያልቆጠረ ብዙ ሰው አለ፤ ስኳርና ግፊት ግን ማንበብ የሚችለውንና የማይችለውን አይለይም። አምራቾች እንደሚያጉረመርሙ አውቃለሁ። ማሸጊያ ለመቀየር ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፣ ስጧቸው፤ ግን የመጨረሻ ቀን ይቆረጥለት፣ ቀኑም ለሕዝብ ይነገር።

ምላሻችሁን እዚሁ በይፋ ብትሰጡን እንወዳለን። እስከዚያው ድረስ ይህ ሥራ በዕቅዳችሁ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ብትነግሩን እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ሸማች፣ ከአዲስ አበባ