ከሰው አፍ ከመስማትዎ በፊት

አዳማ፣ ግንቦት 3 ቀን

ለውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ እንዳልነግርዎ ጆሮዎ ደክሞ ግማሹን ያስቀርብዎታል። እህቴ ጮክ ብላ ታንብብልዎ።

ከዱቄት ፋብሪካው ልለቅ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቁኝን ስለማውቅ፣ ከማንም ተጣልቼ አይደለም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ ድርጅት ደመወዝ ጨምሮ የንብረት ክፍል ኃላፊነት ሰጠኝ። እርስዎ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ በጀመረበት በ1946 ተወልደው፣ ከዚያው ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ነዎት፤ «ምን አቅበጠበጣት» ቢሉ አልፈርድብዎትም። ጡረታዬ ግን ሜዳ ላይ አይቀርም። ከእኔ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተባለ የገባው በስሜ ነው፤ አገልግሎቴም ይቀጥላል።

አዲሶቹ በሳምንት ውስጥ ጀምሪ ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። አዋጅ 1156/2011 የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል፤ ባይልስ የስድስት ዓመት መጋዘን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ ልወጣ ነው? ማታ የከፋኝን ሁሉ የዘረገፍኩበት ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጽፌ፣ ጠዋት ቀድጄ በአራት መስመር ተካሁት። ሥራ አስኪያጁ ግን በእሱም ተቀይመው አምስት ቀን ሰላምታ ነሱኝ።

ያደከመኝ ርክክቡ ነው። ከምትተካኝ ልጅ ጋር መደርደሪያ በመደርደሪያ ስንቆጥር የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ 14 ኩሽኔታ ይላል፣ ያለው 12 ነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ሦስቴ ደገምነው፣ ያው 12። ኋላ ትዝ አለኝ፦ ጥር ላይ አንድ ሌሊት ወፍጮ ቆሞ፣ መካኒኩ ሲለምነኝ «ጠዋት ትፈርማለህ» ብዬ ሁለት ሰጥቼው ነበር። እሱም አልፈረመ፣ እኔም ረሳሁት። ጥፋቱ የኔው ነው። ዝም ብል ነገ ጉድለቱ የሚጠየቀው ከዚያች ልጅ ነው። ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ተናገርኩ፤ መካኒኩም አልካደኝም፣ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ፊታቸው የተፈታው ያን ቀን ነው። «ቁጭ በይ» ብለው ቡና አስመጡልኝ፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ!

ትናንት ክሊራንስ፣ የፋብሪካው ንብረት በእጄ እንደሌለ የሚረጋገጥበትን ወረቀት፣ ጨረስኩ። ጋዋኔን አጥቤ፣ ተኩሼ መለስኩ። ተረካቢዋ ሳቀች። እርስዎም ያን የተጣፈ ቱታ እማዬን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አሳጥበው ሲመልሱ እኛ ልጆች ስቀን ነበር።

የሥራ ልምድ ወረቀቴ እጄ ገብቷል። ያልወሰድኩት የ11 ቀን ፈቃድ በገንዘብ ይከፈለኛል፤ እሱን ለጆሮዎ መድቤዋለሁ። አዲሱን ሥራ የምጀምረው ሰኞ ሳምንት ስለሆነ ሐሙስ አሰላ መጥቼ እወስድዎታለሁ። አልሄድም እንዳይሉኝ፣ ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ልጅዎ